ሳሩን ከየት ቆረጡት? ስምንት ቀን በዶርዜ

እኔ እንጀራዬ የሰርግ ቪዲዮ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሙሽሮችን «ወደዚህ ዞር፣ ፈገግ በሉ» ስል ኖሬያለሁ። በ2016 የጥር ሰርግ ጋብ ሲል ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው የጋሞ ተራራ ላይ፣ ዶርዜ የሚያስተምር የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ደወለ። አሥራ ሁለት የሃይስኩል ተማሪዎች አሉት። የሰፈራቸውን ሽማግሌዎች ታሪክ በስልካቸው መቅረጽ ፈልገዋል።

«ቋንቋውን እነሱ ያውቃሉ፣ ካሜራውን አንተ። መጥተህ አሳያቸው» አለኝ።

ክፍያ የለም። ማደሪያና ቆጮ በእሱ። እሺ አልኩ።

ሁለት ክሊፕ ማይክ፣ አንድ ትራይፖድ፣ ፓወር ባንክ፣ ሦስት ሜሞሪ ካርድ ያዝኩ። ሹራብ ረሳሁ።

እሑድ፣ የካቲት 3፦ ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ

ሌሊት 10 ሰዓት መናኸሪያ ደረስኩ። ትኬቱ 950 ብር ነበር። ሻንጣዬን ጣሪያ ላይ ለመጫን ረዳቱ 100 ብር ጠየቀኝ፣ በ50 ተስማማን። መንገዳችን በቡታጅራ፣ በሆሳዕና፣ በሶዶ በኩል ነበር።

ሆሳዕናን አለፍ እንዳልን የኋላ ጎማ ፈነዳ። ተቀያሪው ወረደና ሲታይ እሱም ተንፍሷል። ሾፌሩ ሞተር ሳይክል ለምኖ ጎማውን ይዞ ሄደ። እኛ መንገድ ዳር ከሁለት ሰዓት በላይ ተቀመጥን። ከጎኔ የነበሩት አዛውንት ጡረታ የወጡ የመንገድ ሠራተኛ ናቸው። ድሮ ዝናብ ሲጥል መኪና የት የት ጭቃ ይዞት እንደሚያድር፣ የትኛው ድልድይ ስንት ጊዜ እንደተወሰደ፣ ከጓደኞቻቸው ማን የት እንደቀረ አንድ በአንድ አጫወቱኝ። ጥሩ ተራኪ ናቸው። ማይኩ ጣሪያ ላይ ታስሯል፣ ስልኬ ግን ኪሴ ውስጥ ነበር። አልቀረጽኳቸውም። ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ሽማግሌ ለመቅረጽ እየተጓዝኩ ስለነበር ይሆናል።

ምዕራብ አባያ ላይ ሙዝ ሻጮች መስኮቱን ወረሩት። ሐይቁ በግራችን ነው፤ ወተት የነካው ሻይ ይመስላል። ስንደርስ መሽቶ ነበር። ሲቀላ በሚባለው የአርባ ምንጭ ሰፈር አልጋ በ500 ብር ያዝኩ። አሳ ጉላሽ 280 ብር ነበር። አዲስ አበባ በዚህ ብር ያዘዝኩት አሳ መጠኑ ከአጥንቱ ብዙም አይበልጥም። እዚህ ግን ሳልጨርሰው ተነሣሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 4፦ ሽቅብ

ሚኒባሱ 100 ብር አስከፈለኝ። የተሳፈርነው አሥራ ዘጠኝ ነን፣ ዶሮዎቹን ሳልቆጥር። በሶዶ መንገድ ጥቂት ከሄደ በኋላ ወደ ግራ ታጥፎ ተራራውን ይይዛል። አርባ ምንጭ ከፍታዋ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ላይኛው ደግሞ ከ2,500 ያልፋል። ጆሮዬ ሁለት ጊዜ ተደፈነ። ከታች በቲሸርት ላብ አጥምቆኝ ነበር፣ ከላይ ጉም ውስጥ ገባን። መንገድ ዳር ሕፃናት ለቱሪስት ይጨፍራሉ። መኪናችን ሲቃረብ ጀመሩና ውስጥ ያለነውን ሲያዩ አቆሙ።

ያረፍኩት በጓደኛዬ አማች ቤት ነው። ሸማኔ ናቸው። የዶርዜን ቤት በፎቶ ያላየ ያለ አይመስለኝም፦ ከቀርከሃ ተጎንጉኖ የተሠራ፣ ረጅም፣ ከፊት ለፊት የዝሆን ፊት የሚመስል። ድሮ እዚህ ዝሆን ነበር፣ ቤቱም የእሱ አምሳያ ነው ይባላል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ቤቱ ያጥራል። እግሩን ምስጥ ይበላዋል፤ የተበላው ይቆረጣል፤ ቤቱ በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። አዲስ ሳለ እስከ 12 ሜትር የነበረ፣ ዕድሜው ሲገፋ እንደ ሰው ይጎብጣል። ሰፈር መቀየር ካስፈለገም ጎረቤት ተጠራርቶ ተሸክሞት ይሄዳል። የእኔ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውኃ እንኳን ወደ እሱ መሄድ ይከብደዋል።

ራት ትኩስ ቆጮ በዳጣና በማር። ዳጣውን እንደ ሚጥሚጣ ቆጥሬ ዛቅ አደረግኩ። እንባዬ ወረደ፣ እመቤቲቱ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሌሊት ብርዱ አጥንቴ ገባ። ባለቤቱ ለገበያ ሠርተው ያስቀመጡትን ቡሉኮ አውጥተው ደረቡልኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 5፦ አሥራ ሁለት ልጆች፣ ሰባት ስልክ

ሁለቱ ስልኮች ስክሪናቸው ተሰንጥቋል። አንዱ የቀረው ቦታ 900 ሜጋባይት ነው፣ ሌላው በጎል ቪዲዮ ሞልቷል። በ1080 ሲቀረጽ አንድ ደቂቃ ከ100 ሜጋባይት በላይ ስለሚበላ፣ በዚህ ስልክ አንድ ሽማግሌ ገና ጉሮሯቸውን ሳይጠርጉ ያበቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ማጥፋት ሆነ። ለቅሶ ነበር።

ቀጥዬ ስልኩን አጋድሙት አልኩ። ሹሩባ የተሠራች ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ቲክቶክ ላይ ቁም ነው።» ልክ ናት። ሽማግሌው የሸማ ዕቃቸው ላይ ተቀምጠው መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲወረውሩ በቁም ስልክ አንድ እጃቸው ብቻ እንደሚታይ አሳየኋት። አጋደመችው።

ስለ ድምፅ ብዙ ለፈለፍኩ። ምስል ቢደበዝዝ ሰው ይታገሣል፣ የማይሰማ ድምፅ ግን ለማንም አይሆንም። ማይኩ ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ይሰካል። ጋቢ ሥር ከተቀበረ በየእንቅስቃሴው እየተፋተገ ቀረጻውን ያበላሸዋል። ከመጀመራችሁ በፊት ሁላችሁም ዝም በሉና አሥር ሰከንድ ቅረጹ፤ ያን ጊዜ ዶሮው፣ ንፋሱ፣ የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማችኋል። ስልኩ የአውሮፕላን ሞድ ላይ ይሁን፤ ካልሆነ ጥሪ ሲመጣ ቀረጻው ይቆማል። ይህን ሦስት ጊዜ ነው የደገምኩት። የዶርዜ ቤት መስኮት ስለሌለው ሰውየውን በሩ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አድርጋችሁ አስቀምጡ አልኩ። ለሰርግ የምጠቀምበትን መብራት አላወጣሁም። የሰማንያ ዓመት ዓይን ላይ እንዴት ይበራል?

ከዚያ ጥያቄዎቻቸውን አየሁ። ሠላሳ አንድ ናቸው። «ስለ ባህላችን ቢያብራሩልን።» «ለዛሬው ወጣት ምን ይመክራሉ?» ምክር ከጠየቃችሁ ስብከት ነው የምታገኙት አልኳቸው። በእጅ የሚያዝ ነገር ያለበት ጥያቄ ጠይቁ። የመጀመሪያውን ነጠላ ሲሸጡ ብሩን ምን አደረጉበት? የዚያን ዕለት ምን ለብሰው ነበር?

አንድ ዝምተኛ ልጅ ከኋላ ተቀምጧል። የእሱ ጥያቄ «ሽማግሌዎች ለሰላም ያላቸው ሚና ምንድን ነው?» የሚል ነበር። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። በመስከረም 2011 ቡራዩ ላይ የጋሞ ተወላጆች ተገድለው አርባ ምንጭ ውስጥ የተቆጣ ወጣት ለበቀል በወጣ ጊዜ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች ርጥብ ሳር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቱም ቆመ። ሽማግሌ ሳር ይዞ ተንበርክኮ እያየ ያለፈ ጎሜ ያገኘዋል፤ ነውር ማለት ብቻ አይደለም፣ መዘዙ ለቤተሰብም ይተርፋል። ልጁ ያኔ ትንሽ ነበር። ወረቀቱን ይዞ ብዙ ቆየ። ሰርዞ የጻፈው ይህን ነው፦ «ሳሩን ከየት ቆረጡት?»

ሌላ ምንም ሳላስተምር ብመለስ ይበቃኝ ነበር። ግን አልተመለስኩም፤ አንድ መመሪያ ጨመርኩ። ቃለ መጠይቁ በአማርኛ ይሁን፣ እኔም እንዳርማችሁ፣ ሌላውም እንዲሰማው። ጓደኛዬ ቀና ብሎ አየኝና ዝም አለ።

ረቡዕ፣ የካቲት 6፦ አሥራ አንድ ደቂቃ

የመጀመሪያው ተቀራጭ የባለ ሹሩባዋ ልጅ አያት ናቸው። የተወለዱት ጣልያን በወጣ በሦስተኛው ዓመት እንደሆነ እናታቸው ነግረዋቸዋል። እኛ 1936 ብለን መዘገብን። አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ሃያ ዓመት ሸማ ሠርተዋል፣ ስለዚህ አማርኛ ይችላሉ። በመስከረም 2011 ደግሞ አርባ ምንጭ ነበሩ። ድንጉዛ ሱሪያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ጠበቁን። ባለቤታቸው ጎናቸው ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። «እማማ፣ ትንሽ ከካሜራው ወጣ ይበሉልኝ» አልኩ። ወጡ።

ሠላሳ አንዱ ጥያቄ በአሥራ አንድ ደቂቃ አለቀ።

«ድሮ ሕይወት እንዴት ነበር አባባ?»

«ጥሩ ነበር።»

«ሽሮ ሜዳስ?»

«አስቸጋሪ ነበር።»

ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ስልኬ ጠራ። አዎ፣ የእኔው። በእሱ ነበር የምንቀርጸው። አዲስ አበባ ያለ ሙሽራ አልበሙ የት ደረሰ ይላል። ቀረጻው ተቋረጠ። ልጆቹ ለጨዋነት ወደ መሬት አዩ።

ከጨረስን በኋላ ሽማግሌው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። «ልጄ፣ የእኔ አማርኛ የሽሮ ሜዳ ነው። ዋጋ እከራከርበታለሁ። አባቴን አላወራበትም።»

ማታ ለጓደኛዬ ነገርኩት። «ቋንቋውን እነሱ ያውቃሉ ብዬህ ነበር» አለ። እኔ ታዲያ ምን ሠርቼ ልመለስ ብዬ ተከራከርኩ። ካልሰማሁት ጥሩ ይሁን መጥፎ በምን አውቃለሁ? ድንች እየላጠ፣ «ድምፁን ጠብቅ፣ ነገሩን ለእነሱ ተወው» አለኝ። ትንሽ ከፋኝ፣ አልዋሽም።

ሐሙስ፣ የካቲት 7፦ ገበያ

ዶርዜ ሐሙስ ገበያ ነው። ከአሥራ ሁለቱ አራት ልጆች መጡ። ሌሎቹ ነጭ ሽንኩርት እየሸጡ ነው፤ ይህን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። እኔም ወጣሁ። ከሰልባጅ ተራ ሹራብ በ350 ብር ገዛሁ። ለእናቴ የሚሆን ጋቢ 2,400 ብር አሉኝ፤ ሽሮ ሜዳ ቢሆን 3,500 ይሉኝ ነበር። ሳልከራከር ከፈልኩ። ሴትዮዋ እንዲያውም ደነገጡ፣ ፖም መረቁልኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 8፦ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ

ወደ ሽማግሌው ቤት ተመለስን። የምትጠይቀው ልጅቷ፣ ካሜራው ጋ ዝምተኛው ልጅ፣ እኔ ጥግ ላይ ሄድፎን አድርጌ። ስልኬ የአውሮፕላን ሞድ ላይ። ቋንቋው ዶርዝኛ።

የምሰማው ድምፅ ብቻ ነው። ሲጎላ፣ ሲሰልል፣ ማይኩ ጋቢ ሲነካ። ልጅቷ ወረቀቱን ካልከፈተች ቆይታለች። ሽማግሌው ተነሥተው በሩ ላይ እጃቸውን አደረጉ፤ መጀመሪያ ከራሳቸው በላይ፣ ከዚያ ግንባራቸው ጋ፣ ከዚያ ደረታቸው ጋ። ልጁ ሳይነገረው ስልኩን ቀስ አድርጎ አስከተለ። ትራይፖዱን እንዳትነኩ ብዬ ነበር። እሰይ ነካው።

ሠላሳኛው ደቂቃ ገደማ ዝምተኛው ልጅ ከካሜራው ጀርባ አንድ አጭር ነገር ጠየቀ። የእሱ ጥያቄ እንደሆነ ገባኝ። ሽማግሌው ዝም አሉ። እኔ በሰርግ ሥራዬ አራት ሰከንድ ዝምታ አላሳልፍም፣ ሙዚቃ እሞላበታለሁ። ልጅቷን እንድትቀጥል ልጠቁማት እጄን አንሥቼ መልሼ ከጭኔ ሥር ሸጎጥኩት። ቆየ። በግ ጮኸ። ልጆቹ አልተንቀሳቀሱም።

ከዚያ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው እጃቸውን ወደ መሬት ሰደዱ፣ ምንም ከሌለበት ነጨት አደረጉ፣ ሁለት እጃቸውን አገናኙ፣ ጉልበታቸውን ነኩ። ድምፃቸው ከረቡዕ ዕለቱ ሰው ድምፅ አይደለም። ስንት ደቂቃ እንዳወሩ ያየሁት በኋላ ነው። ልጁ አንዴ በእጅጌው ዓይኑን ጠረገ። ባትሪው 9 ከመቶ ቀርቶታል። መብራት ከሌሊት ጀምሮ ስለጠፋ ፓወር ባንኩም ባዶ ነው። እኔ ቁጥሯን እያየሁ እጸልያለሁ። በ4 ከመቶ አለቀ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9፦ እማማ ያረሙት

ጠዋት ፋይሎቹን ስም አወጣንላቸው። ስልኩ በራሱ 2024 እያለ ይመዘግባል፣ ልጆቹ በ2016 ይኖራሉ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚከፍተው ሰው ግራ እንዳይገባው በእኛው አቆጣጠር ጻፍንና ዓመተ ምሕረት መሆኑን ጨመርንበት። አንድ ቅጂ በፍላሽ ለጓደኛዬ፣ አንድ በካርድ ለልጆቹ፣ አንድ በእኔ እጅ።

ከሰዓት ለሽማግሌው ለማሳየት ሄድን። ሰባት ሰው በአንድ ስልክ ላይ ተደፋ። ልጅቷ ለእኔ በሹክሹክታ ትተረጉማለች። በሩ ላይ በእጃቸው የለኩት የቤቱን ዕድሜ ኖሯል። ሲገቡበት ጎንበስ ሳይሉ ያልፉ ነበር። አንዴ የተቆረጠው ልጃቸውን በዳሩ ማግስት ነው፣ አንዴ በ77ቱ ድርቅ። ቤቱ የተሠራው ንጉሡ የወረዱ ዓመት ነው ብለዋል።

«አይደለም» አሉ እማማ፣ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ።

ሁሉም ዞረ። ቤቱ ሲሠራ የበኩር ልጃቸው ይድህ ነበር። ንጉሡ የወረዱት እሱ ፊደል ቆጥሮ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ነው። ቀርከሃ ለሚጎነጉኑት ምግብ ያበሰሉት ራሳቸው ናቸው፣ የመጣውን ሰው ሁሉ ስሙን ይቆጥራሉ። ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና «ልክ ናት» አሉ። እኔ ከካሜራ ያስወጣኋቸው ሴትዮ ናቸው እንግዲህ። ልጅቷ አንድም ቃል ሳትነግረኝ ማይኩን ከጠረጴዛው አንሥታ የአያቷ ነጠላ ላይ ሰካችው። አርባ ደቂቃ። እንዝርቱ ሲሾር ይሰማል፣ ደስ ይላል።

ከመውጣታችን በፊት ፈቃድ ጠየቅን። ለማን እናሳይ? የቤቱን ታሪክ ለፈለገ ሁሉ አሳዩ አሉ። የሳሩን ክፍል ግን አይደለም። «እሱ ለአገሩ ልጆች ነው። ገበያ አይውጣ።» ልጁ በደብተሩ ጻፈው፣ ሽማግሌው ፈረሙበት። ልጅቷም መተርጎሟን እዚያው አቆመች። ስለዚህ ሳሩ ከየት እንደተቆረጠ አላውቅም።

እሑድ፣ የካቲት 10፦ ቁልቁል

ትራይፖዱንና አንዱን ማይክ ትቼ ወረድኩ። ልጆቹ ለቀጣዩ ሳምንት ሦስት ሽማግሌዎችና አንዲት አሮጊት ቀጥረዋል፣ አስተያየቴን አልጠየቁኝም። አውቶቡሱ ጎማው አልፈነዳም። አዲስ አበባ 2 ሰዓት ማታ ገባሁ፤ ከመናኸሪያ ቤቴ ድረስ ታክሲው 600 ብር አለኝ፣ ከዶርዜ አርባ ምንጭ ሦስት ጊዜ የሚያመላልስ ብር።

ከአሥር ቀን በኋላ፦ ሽሮ ሜዳ

የቤቱን ክፍል ሳቀናብር አንዲት ቃል አስቸገረችኝ። ለሰርግ ልብስ የማዘው ሸማኔ ዶርዜ ስለሆነ ይዤለት ሄድኩ። ሄድፎኑን አደረገ። ሥራውን አቆመ። ቃሏን ነገረኝ፣ ግን ሄድፎኑን አልመለሰም። ሰባት ደቂቃዋ ስታልቅ «የቀረውስ?» አለ።

የቀረው ለአገሩ ልጆች ብቻ ነው አልኩት።

«እኔስ የየት አገር ልጅ ነኝ?»

መልስ አልነበረኝም። ልጅቷ ጋ ደወልኩ፣ ስልኩን ለአያቷ ወሰደችላቸው። ነገሩን አስረዳሁ። በሽሮ ሜዳ አማርኛቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «የማን ልጅ ነው?»

ስልኩን ለሸማኔው ሰጠሁት። ከሸማ ዕቃው ወጥቶ ቆመ። የአባቱን ስም ተናገረ። ከዚያ የአያቱን። ከወዲያ በኩል ትንሽ ዝምታ፣ ቀጥሎ ረጅም ሳቅ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ያወሩትን አላውቅም፣ በዶርዝኛ ነው። ሃያ ደቂቃ ገደማ እንዳወሩ ካርዴ አለቀ።